ሳይጠረግ የታጠፈ ምላጭ

በሕይወቴ አብዝቼ የማመሰግነው ሰው አብዝቶ የመታኝ ሰው ነው። አባቴ አይደሉም፤ አባቴ እጃቸውን አንስተውብኝ አያውቁም። ፀጉር ማስተካከል ያስተማሩኝ አለቃዬ ናቸው። የሚመቱኝም በዱላ ወይም በቀበቶ ሳይሆን በማበጠሪያ ነው፤ ያውም በጀርባው፣ የጣቴን አንጓ ለይተው። ሰፈሩ «ጋሽ ማበጠሪያ» የሚላቸው ለዚህ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ስሰማ ግን ራሳቸው ድፍን መላጣ ሆነው ማበጠሪያ ከኪሳቸው ስለማይጠፋ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው እስከ ዛሬ ያጣራሉ፤ እኔ አውቃለሁ፣ ግን አልናገርም።

ሕጋቸው ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ዓይንህ ከደንበኛው ከተነሳ ምላጩ ይታጠፍ የሚል ነው። በር ቢንኳኳ፣ ስልክ ቢጮህ፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ምላጩን አጥፈህ ነው ፊትህን የምታዞረው። ሁለተኛው፣ ምላጭ ሳይጠረግ አይታጠፍም የሚል ነው። አረፋና ፀጉር ይዞ የታጠፈ ምላጭ ይዝጋል፤ በእኛ ሙያ ከዚያ የሚብስ ነውር የለም። ጋሼ ሆን ብለው ከኋላዬ መጥተው «አንተ» ይሉኛል። ምላጩ እንደተከፈተ ዘወር ካልኩ ጣቴ ላይ ቋ። ደንግጬ ሳልጠርግ ካጠፍኩም ቋ። ያኔ ስንት ጊዜ እንደረገምኳቸው እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ዛሬ ያቺን ሁሉ ቋ አንድ በአንድ እየጠራሁ ባመሰግን ደስ ይለኛል።

የዛሬ ልጆች አንዴ ላጭተው የሚጥሉትን ምላጭ ይወዳሉ። እኔ ከጋሼ የተረከብኩትን ታጣፊ ምላጭ አልለቀቅኩም፤ በቆዳ እስለዋለሁ፣ በመድኃኒት አጥበዋለሁ፣ ከልጆቼ እኩል እንከባከበዋለሁ። ቁጡ መሆኔንም አልደብቅም። ሰው ሳይ መጀመሪያ የማየው አቆራረጡን ነው፤ አቆራረጡ ካናደደኝ ሰውየውን ለመውደድ ጊዜ ይፈጅብኛል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወንበሬ ላይ የተቀመጠው ቀያሹ ነበር፤ መሬት እየለካ የወሰን ችካል የሚተክለው ሰውዬ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በመለኪያው መነጽር ሲያይ ስለሚውል፣ ስላጨው ሙቅ ፎጣ ዓይኑ ላይ ጣል እንዳደርግለት ይወዳል። ጣል አደረግሁለት። ቀኝ ጉንጩን ጨርሼ ግራውን ጀመርኩ።

በሩ በእርግጫ ተከፈተ። የገባው በአጥር ጉዳይ ከቀያሹ ጋር የተቀያየመው ሰውዬ ነው፤ ባለአጥሩ ልበለው። ከሳምንት በፊት ቀያሹ ለክቶ፣ አጥርህ ወደ ጎረቤትህ አንድ እርምጃ ገብቷል ብሎት ነበር። አሁን በእጁ የያዘው የክንድ ርዝመት ያለው ብረት ያኔ የተተከለው የወሰን ችካል ራሱ ነው፤ ነቅሎት፣ አፈሩን እንኳ ሳያራግፍ ነው የመጣው።

«ችካልህን ልመልስልህ ነው» አለና ብረቱን ወደ ላይ አነሳ።

ቀያሹ ፎጣው ሥር ሆኖ «ማነው?» አለ፤ ተራ ጠባቂ የመጣ መስሎታል።

ከዚያ የሆነው ሁሉ አንድ ትንፋሽ አይሞላም። እኔ ሳላዘው እጄ ምላጩን አጠፈው፤ ቀጭ አለ። መደርደሪያው ላይ ጣልኩትና በርጩማዬን አነሳሁ። ወደ ቀያሹ ራስ የሚወርደው ብረት በርጩማው ላይ አረፈ፤ አንዱ እግር ተሰበረ። በተረፉት እግሮች ሰውየውን ደረቱ ላይ ገፋሁት። ብረቱ ከእጁ ወደቀ፤ እሱም ወደ ኋላ ተንገዳግዶ ትልቁን መስታወቴን በጎኑ መታው። መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ተሰባብሮ ወረደ። ባለአጥሩ ፊቱን ሲያዞር ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ ቀጥ ብሎ ተሰንጥቋል።

ቁጣዬ እዚያው በረደ። መሬት ላይ አስቀምጬው ንጹሕ ፎጣ ቁስሉ ላይ ተጫንኩ፤ ሲርስ ሌላ ቀየርኩ፤ አምቡላንስ እስኪደርስ አምስት ፎጣ አለቀ። እጄን ጨብጦ «ልሞት ነው?» ይለኛል። «ዝም በል፣ አገጭህን አታንቀሳቅስ» አልኩት፤ ለደንበኛ የምለውን ማለቴ ነው።

የፖሊስ መርማሪው ሲመጣ በሩ በሰው ተሞልቶ ነበር። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካዮች በሙሉ መቁረጫ ቶንዶዛቸውን ጥለው መጥተዋል፤ ከፊታቸው ጋሼ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። መርማሪው ሁሉንም በየተራ ጠየቀኝ፤ ሁሉንም እንደሆነው ነገርኩት። መጨረሻ ላይ «ሰውዬው ሲገባ ምላጭ በእጅህ ነበር። ምን አደረግከው?» አለኝ።

እንዳልጠረግኩት አውቃለሁ። ማን ይጠርጋል፣ ብረት እየወረደ? ግን ጋሼ እያዩኝ ነው። ከጋሼ እጅ ወጥቼ ሃያ ሦስት ዓመት ስሠራ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠርግ አጥፌ አላውቅም፤ አሁን በሙያ ጓደኞቼ ሁሉ ፊት «አረፋውን እንደያዘ አጠፍኩት» ልበል? አልወጣ አለኝ።

«ጠርጌ አጠፍኩት» አልኩ።

ጋሼ ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። መርማሪው ጻፈ፣ እኔ ፈረምኩ፤ ምላጩን እንደታጠፈ ፖስታ ውስጥ ከተተና አሸገው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ይህን ለመሰለው ነው።

ባለአጥሩ ከሆስፒታል ሲወጣ ቃሉን ሰጠ። ብረት ይዞ መግባቱን አልካደም፤ በዚያ እሱም ተከሷል። «ብረቱ ከእጄ ከወደቀ በኋላ ግን በምላጭ ተለተለኝ» አለ። የሐኪሙ ወረቀትም «በስለታማ ነገር የደረሰ ቁስል» ይላል። እኔም ተከሰስኩ፤ በዋስ ወጣሁ።

ጠበቃዬ ቀጭን ወጣት ሴት ናት፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፣ ንግግሯም እንደ አስተሳሰሯ ጥብቅ ነው። ቢሮዋ ሁለት ወንበርና አንድ የምታንኳኳ ማራገቢያ አለው። ሕጉን እንዲህ ብላ አስረዳችኝ፤

«ሰው ራሱን ብቻ ሳይሆን ሌላውንም ሰው ከጥቃት መከላከል ይችላል። ጥቃቱ ግን ሕገ ወጥና እዚያው የተቃጣ መሆን አለበት፤ የትናንት ቂም አይሆንም። ሌላ መከላከያ መንገድ መጥፋት አለበት። የሚጠቀሙት ኃይልም ከአደጋው ጋር ይመጣጠን። እስከዚህ ድረስ እርስዎ ምንም ችግር የለብዎትም፤ ለብረት በርጩማ ማንም አይከስዎትም። ጣጣው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አደጋው ሲያበቃ የመከላከል መብትም አብሮ ያበቃል። ብረቱ ከወደቀ በኋላ ቆርጠውት ከሆነ፣ ያ መከላከል ሳይሆን በቀል ነው፤ ለዓመታት ያሳስራል።»

«አልቆረጥኩትም። መስታወቱ ነው» አልኳት።

«አምናለሁ። ዐቃቤ ሕጉ ግን በራስዎ ቃል ነው የያዘዎት።» ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረች። «ጠርጌ አጠፍኩት ብለዋል። ብረት ጭንቅላት ላይ እየወረደ ምላጭ ለመጥረግ ጊዜ ያለው ማነው? ስለዚህ የጠረጉት በኋላ ነው፤ የጠረጉትም አረፋ ሳይሆን ደም ነው ይላል። ከተጠረገ ደግሞ ምን ይገኝበታል ብሎ ፖስታውን የከፈተው የለም።»

 ያኔውኑ ብነግራት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልነገርኳትም። የፈረምኩበትን ቃል ብለውጥ ውሸታም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ፤ እሱ ግማሹ ነው። ግማሹ የጋሼ ፊት ነው። በዚያ ላይ ቀያሹ ለምስክርነት ቀርቦ «ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ» ሲል፣ ዐቃቤ ሕጉ «ሲታጠፍ ነው ሲከፈት?» ብሎ ጠየቀው። ቀያሽ አይደል፣ ያለካውን አይናገርም፤ «ፎጣ ሥር ነበርኩ፣ ምዬ መለየት አልችልም» አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ላዳነው ሰው ሲል አንዲት ቃል ይጨምር ነበር። ተናደድኩበት፤ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ከሁለታችን የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ሚስቴ ነቅታብኛለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ምንም ያህል ብስቅ አላመነችኝም። «አንተ ሰውዬ፣ የሆነ ነገር ውጠሃል። ወይ ዋጠው ወይ ትፋው» አለችኝ። ሁለቱንም አላደረግሁም።

የመጨረሻ የተባለው ቀጠሮ ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር። በማለዳ ሱቄን ልከፍት ስሄድ ጋሼ ቀድመውኝ በሩ ላይ ቆመዋል፤ የድሮ ሣጥናቸውን በብብታቸው ይዘዋል።

«ጢምህ ፊትህን ሸፍኖት ዳኛ ፊት አትቆምም» አሉኝ። «ግባና ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። በዚያ ወንበር ላይ እኔ መቀመጤ የመጀመሪያዬ ነው። መስታወቱ ገና ስላልተተካ ፊት ለፊቴ ያለው ባዶ ግድግዳ ነው፤ መስታወቱ የነበረበት ቦታ ቀለሙ ከሌላው ይነጣል። ጋሼ ሳሙናውን መቱ፣ በብሩሽ ፊቴን አለበሱኝ። እጃቸው እርጅና ያንቀጠቅጠዋል፤ ምላጩ ቆዳዬን ሲነካ ግን ቀጥ አለ። ቀኝ ጉንጬን ላጩ። ጠረጉ፤ በእርጋታ፣ በአንዱ ገጽ፣ ከዚያ በሌላው። መንገድ ላይ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ አጠፉ፣ ዞር ብለው አዩ፣ ተመለሱ፣ ከፈቱ።

ያንን ጥርጊያ ስሰማ መደበቅ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ አልጠረግኩትም» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ምላጩን። ያን ቀን። ከነአረፋው ከነፀጉሩ አጠፍኩት። እርስዎ በር ላይ ቆመው ስላየሁዎ ነው የዋሸሁት።»

 ማበጠሪያው ይመጣል ብዬ ጣቶቼን ጨበጥኩ።  እሳቸው ግን «ከዚያ ወዲህ ምላጩን የከፈተው አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«የለም። እንደታሸገ ነው።»

«አንተ ደንቆሮ፣ ታዲያ አረፋው እዚያው አለ» አሉ። «አረፋው ካለ አልጠረግከውም። ደም ከሌለበት አልቆረጥክበትም። መዳኛህን አፍነህ ነው በእኔ ፊት ስታፍር የከረምከው? ተነስ።»

«ግራው ጉንጬስ?»

«ግራ ጉንጭህ ገሃነም ይግባ። ተነስ አልኩህ።»

ግማሽ ፊቴ የተላጨ፣ ግማሹ ጢም የሞላበት፣ አንገቴ ላይ ፎጣ እንዳለ ጠበቃዬ ቢሮ ገባን። ሁሉንም ነገርኳት። የማልረሳላት ነገር ቢኖር አለመጮኋ ነው። ማራገቢያውን አጠፋች፣ ደብተሯን ዘጋች፣ «እርግጠኛ ነዎት? ፖስታው ውስጥ ሌላ ነገር ቢገኝ መመለሻ የለንም» አለች። «እርግጠኛ ነኝ» አልኳት። «እንግዲያው ውሸትዎን በገዛ አፍዎ ያነሱታል። የቀረውን ለእኔ ይተዉት።»

ዳኛው ጢማቸው የተንጨፈረረ ሽማግሌ ናቸው፤ በሌላ ቀን ቢሆን አንድ ነገር ሳልላቸው አላልፍም ነበር። እሳቸው ቀደሙኝ።

«ተከሳሽ፣ ፊትህ ምን ሆኗል?»

«ስላጭ እውነት አመለጠኝ፣ ክቡር ዳኛ።»

አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ለመርማሪው የሰጠሁት ቃል አንዱ ውሸት መሆኑን ተናገርኩ። ለምን እንደዋሸሁም ተናገርኩ፤ ስለ ሁለቱ ሕጎች፣ ስለ ማበጠሪያው፣ ከኋላ ወንበር ስለተቀመጡት ሽማግሌ።  ዐቃቤ ሕጉ፣ ማጅራቱን አንድ ግዴለሽ ፀጉር አስተካካይ ያበላሸበት ጎልማሳ፣ ተነስቶ «ተከሳሽ ሲጠበው ታሪክ ፈጠረ» አለ።

«ታሪክ ከሆነ ፖስታው ይመስክር» አለች ጠበቃዬ። «ማሸጊያው እንዳልተነካ መርማሪው ያረጋግጡ፤ እዚሁ ይከፈት።»

መርማሪው ቀረበ፤ ፊርማውንና ማሸጊያውን አገላብጦ አይቶ አልተነካም አለ። ጓንት አድርጎ ከፈተው። ምላጩ አልከፈት ብሎ ትንሽ ታገለው፤ የደረቀ ሳሙና አጣብቆታል። ሲለቅ ነጭ ፍርፋሪ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ፤ በፍርፋሪው ውስጥ የቀያሹ ሽበት ነበረበት። ዳኛው ጎንበስ ብለው አዩ። ቀያሹም ከተቀመጠበት አንገቱን አስግጎ የገዛ ጢሙን ያያል። ከኋላዬ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ፤ ጋሼ ተነስተው ቆመዋል።

ምላጩ ለምርመራ ሄደ፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን ውጤቱ ተነበበ። ሳሙና፣ የአንድ ሰው ጢም፤ ደም የሚባል ጠብታ የለም። ሐኪሙም ሲጠየቅ፣ ስለታማ ነገር ያልኩት መስታወትንም ይጨምራል አለ፤ እስከዚያ ቀን የጠየቀው አልነበረም። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ፍርዱን በአጭሩ ተናገሩ። «ተከሳሽ ብረቱ ሲነሳ በርጩማ አነሳ፤ ብረቱ ሲወድቅ ደግሞ ፎጣ አነሳ። ሕግ ከዚህ በላይ አይጠይቅም። በነጻ ተሰናብቷል።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለመርማሪ በመዋሸቴ ገሠጹኝ፤ እንኳን ተግሣጽ፣ ቢገርፉኝም አመሰግናቸው ነበር።

ሚስቴ ኮሪደሩ ላይ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ጠበቃዬን አመሰገንኩ። ፖስታውን በወጉ ያሸገውን መርማሪ አመሰገንኩ፤ ደነገጠ። ያላየውን አላየሁም ያለውን ቀያሹንም አመሰገንኩ፤ የእሱ እውነት አጉል ብትመስልም፣ የእኔን ውሸት ለይታ ያሳየችኝ እሷ ናት። ባለአጥሩ የራሱን ጉዳይ ይዞ በሁለት ፖሊስ መሃል ተቀምጦ ነበር። ሳልፍ ጠራኝ።

«እኔ እውነት ምላጭ ነበር የመሰለኝ» አለኝ። «ደሜን ሳይ የታየኝ የአንተ ምላጭ ነው። ፎጣውን ግን አልረሳሁትም።»

አመንኩት። የፈራ ሰው ያልሆነውን እንደሚያይ እኔም አውቃለሁ፤ መዳኛዬ የነበረው ፖስታ መጥፊያዬ መስሎኝ ነበር። «ጠባሳው ላይ ወደ ታች ብቻ ተላጭ፤ ወደ ላይ ከላጨህ ይቆጣል» አልኩትና አለፍኩ።

ምላጬ ሲመለስልኝ ጋሼ ሱቄ ውስጥ አዲሱ መስታወት ፊት ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ከፍቼ አሳየኋቸው። አረፋው የነበረበት ቦታ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ዝገት ወጥታለች። ወደ ብርሃኑ አዙረው ብዙ አዩዋት፤ በጣታቸው ዳሰሷት።

«ይህቺ አትወጣም» አሉ።

«አትውጣ» አልኳቸው።  «ጋሼ፣ ያን ቀን እጄ ባያጥፈው ኖሮ እኔን ያውቁኛል፤ ቁጡ ነኝ። ምላጩን እንደያዝኩ ነበር የምዞረው። ሰው ገድዬ ነበር። ያጠፈው የእርስዎ እጅ ነው።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ላለመታየት መላጣቸውን ወደ መስታወቱ አዞሩት። ቆይተው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱና ማበጠሪያውን አወጡ።

«አጠፍክ፤ ደግ አደረግህ» አሉኝ። «ግን አልጠረግክም።»

እጄን ዘረጋሁላቸውና ጠበቅኩ።